ቆርቆሮ በሦስት ድምፅ

የመጀመሪያ ሥራዬን በሰው ፊት ያሰማሁ ዕለት ባሱ ጠፋ። ነገሩ የሆነው እዚህ ጀርመን፣ ከምኖርበት ከተማ በባቡር ሁለት ሰዓት ያህል በሚያስኬድ ቦታ፣ የአሮጌ ኮምፒውተር ወዳጆች በሚሰበሰቡበት አንድ ትንሽ አዳራሽ ውስጥ ነው። ከሌሊት ፈረቃ በተረፈኝ ሰዓት ሦስት ወር ስለቃቅም የሠራሁት የሁለት ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ ዜማ በአዳራሹ ድምፅ ማጉያ መሰማት ሲጀምር ክራሩ በቦታው ነበረ፣ ማሲንቆውም በቦታው ነበረ፤ ከሥር ሆኖ ሁለቱን ሊሸከም የሚገባው ወፍራም ድምፅ ግን ድራሹ አልነበረም። ቤቴ ውስጥ የመስኮቱን መስታወት ሲያንቀጠቅጥ የከረመ ባስ እዚያ እንደ ሩቅ ጎረቤት ጉርምርምታ ሆኖ ቀረ። ሰዎቹ ጨዋዎች ስለነበሩ አጨበጨቡ። አጠገቤ የተቀመጠ አንድ ሸበቶ ሰው ግን ዘንበል ብሎ «የአንተ ማሽን ውስጥ ያለው የትኛው ነው? 6581 ነው ወይስ 8580?» ሲል ጠየቀኝ። ልዩነቱ ይህን ያህል እንደሚሆን እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አልገመትኩም ነበርና የምመልሰው አጣሁ።

ቁጥሮቹ የሁለት ቺፖች ስም ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ልናገር።) ኮሞዶር 64 የተባለው የቤት ኮምፒውተር በ1982 ለገበያ ሲወጣ፣ ድምፅ የማውጣቱን ሥራ የሚሠራለት «ሲድ» የሚባል ቺፕ በውስጡ ነበረው፤ የመጀመሪያው ዓይነት 6581 ሲሆን፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በአዲሱ የማሽኑ ቅርጽ ውስጥ የገባው የተሻሻለው ዓይነት ደግሞ 8580 ነው። ቺፑን የነደፈው ቦብ ያነስ የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ፣ በዘመኑ የነበሩት ኮምፒውተሮች የሚያወጡት ጩኸት ሙዚቃ በማያውቁ ሰዎች የተሠራ ነው ብሎ ያምን ስለነበር፣ በትንሽ ሲሊከን ላይ እውነተኛ ሲንተሳይዘር፣ ማለትም ድምፅን በኤሌክትሪክ የሚፈጥር የሙዚቃ መሣሪያ፣ ለማስቀመጥ ተነሣ። ብዙ ድምፆችን በየተራ የሚያገለግል አንድ ብልህ አሠራር አስቦ ነበር፤ ጊዜ ስላጠረው ግን አንዱን ድምፅ አመንጪ ነድፎ ሦስት ጊዜ ደገመው። ሲድ ሦስት ድምፅ ብቻ የኖረው በዚህ ምክንያት ነው። ሰውየው በኋላ ከባልደረቦቹ ጋር ኤንሶኒክ የተባለውን የሙዚቃ መሣሪያ ኩባንያ ማቋቋሙን ሳውቅ አልገረመኝም፤ ሐሳቡ ከመጀመሪያውም ሙዚቃው ላይ እንጂ ኮምፒውተሩ ላይ እንዳልነበረ ሥራው ራሱ ይናገራል።

እኔ ከዚህ ማሽን ጋር አላደግሁም። በልጅነቴ አዲስ አበባ ውስጥ በቤታችን የነበረው ብቸኛው የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ክዳኑ የተሰበረ፣ በላስቲክ የታሰረ የካሴት ቴፕ ነው። እዚህ አገር ሰዎች ስለ ኮሞዶር ሲያወሩ ዓይናቸው የሚንከራተተው ወደ ልጅነታቸው ነው፤ የገና ስጦታ፣ የአባት ቁጣ፣ ከጎረቤት ልጅ ጋር የተገለበጠ ጨዋታ። እኔ ግን በአርባ ዓመቴ፣ እሑድ ጠዋት በአሮጌ ዕቃ ገበያ ላይ ከተደረደሩ የሸክላ ሳህኖች አጠገብ አገኘሁት። ጀርመኖች «የዳቦ ሣጥን» ይሉታል፤ በእርግጥም ቡናማና ሆዳም ነው። ሻጩ 60 ዩሮ ጠየቀኝ፣ 50 ሰጠሁት። የኃይል መስጫውን ግን አብሮት የመጣውን አልተጠቀምኩም፤ የእነዚህ አሮጌ መስጫዎች የ5 ቮልት መስመር ሲያረጅ ከልኩ አልፎ ቺፖቹን የሚያቃጥል መሆኑን አስቀድሜ አንብቤ ስለነበር አዲስ የተሠራ ገዛሁ። ይህን መሣሪያ ለመግዛት ለሚያስብ ሰው የምሰጠው ምክር ይህ አንዱ ብቻ ነው።

ማሽኑ ሲከፈት ሰማያዊ ገጽ ላይ ጠቋሚዋ ብልጭ ድርግም ትላለች፤ ከዚያ ወዲያ ምንም የለም። አብሮት ያለው የቤዚክ ቋንቋ «ድምፅ አውጣ» የሚል ትእዛዝ እንኳ አልተሰጠውም። ድምፅ የሚፈልግ ሰው «ፖክ» በሚለው ትእዛዝ አንድን ቁጥር አንድ አድራሻ ላይ ማስቀመጥ አለበት። የሲድ አድራሻዎች ከ54272 ይጀምራሉ፤ 54296 ላይ 15 ቢጻፍ የድምፁ መጠን እስከ ጥግ ይከፈታል። በጠቅላላው 29 አድራሻዎች ሲኖሩ 25ቱ የሚጻፍባቸው፣ 4ቱ የሚነበቡ ናቸው፤ ቺፑ ከሰው ጋር የሚነጋገርበት ሌላ መንገድ የለውም። በመጀመሪያው ምሽት የጻፍኩት ነገር አንዲት «ላ» ድምፅ ነበረች። በአውሮፓው ማሽን ላይ 440 ኸርዝ ለማግኘት ወደ 7493 የሚጠጋ ቁጥር ለሁለት ተከፍሎ በሁለት አድራሻ መጻፍ አለበት። ይህን ቁጥር ራሴ በወረቀት አስልቼ ጽፌ፣ ድምፁ ከጊታር መቃኛዬ ጋር ሲገጥም ጊዜ እንደ ሕፃን ሳቅሁ።

በ1980ዎቹ አጋማሽ እንደ ሮብ ሃባርድና ማርቲን ጎልዌይ ያሉ ብሪታንያውያን ለጨዋታዎች ሙዚቃ ሲሠሩ ከዚህ የራቀ መሣሪያ አልነበራቸውም። ዜማውን የሚያጫውተውን ፕሮግራም ራሳቸው በማሽኑ ቋንቋ ይጽፉታል፣ ኖታውንም እንደ ቁጥር ረድፍ ያስገቡታል። በ1987 ካርስተን ኦባርስኪ የተባለ ጀርመናዊ ለአሚጋ ኮምፒውተር ባወጣው ሳውንድትራከር የተስፋፋው አሠራር፣ ማለትም ኖታዎች ከላይ ወደ ታች እንደ መዝገብ ገጽ የሚወርዱበት ትራከር፣ ዛሬ የሁላችንም መጻፊያ ሆኗል። በአዲስ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራው ጎትትራከር ብዙ ተጠቃሚ አለው፤ ስሙ የፍየል ትራከር እንደማለት ነው፣ ምክንያቱን አልጠየቅሁም። እኔ የምጠቀመው እዚያው ኮሞዶሩ ላይ የሚሠራውን ሲድ ዊዛርድን ነው። ይህ ከእልህ የመጣ ምርጫ መሆኑን አልክድም፤ በአዲሱ ኮምፒውተር ቢሠራ ፈጣን ነው፣ ይመቻል፣ የተሳሳቱትንም መመለስ ቀላል ነው። ነገር ግን ዜማውን ስጽፍ የሚሰማኝ ድምፅ ከዚያው ሣጥን፣ ከዚያው ቺፕ የሚወጣ እንዲሆን ፈለግሁ። ለአዳራሹ ውርደት ያበቃኝም ይኸው ምርጫዬ ነበር፤ ወደዚያ እመለሳለሁ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የአውሮፓው ኮሞዶር በቴሌቪዥኑ ሥርዓት ምክንያት ምስሉን በሰከንድ 50 ጊዜ ያድሳል፤ የሙዚቃው ፕሮግራምም በእያንዳንዱ እድሳት አንድ ጊዜ ብቅ ብሎ በ25ቱ አድራሻዎች ላይ አዳዲስ ቁጥሮች ይጽፍና ይሄዳል። ስለዚህ በሰከንድ እስከ 1250 ቁጥሮች ሊጻፉ ይችላሉ፣ ከዚያም በመካከል ቺፑ የተባለውን ይዞ ብቻውን ይዘምራል። አንዲት የክራር ምት በጆሮ ሲሰሟት አንድ ነገር ትመስላለች፤ በትራከሩ ውስጥ ግን የመጀመሪያዋ ሃምሳኛ ሰከንድ ጫጫታ ናት፣ ምክንያቱም ጥፍር ጅማት ሲነካ የሚሰማው ጠቅታ ዜማ የለውም፤ ሁለተኛዋ ፐልስ የሚባለው የሞገድ ቅርጽ ናት፤ ከዚያ ወዲያ ፐልሱ በየሃምሳኛ ሰከንዱ ጥቂት እየጠበበ ሲሄድ ድምፁ እየሰለለ፣ እየቀጠነ ይጠፋል። ማሲንቆው ሌላ ጠባይ ይፈልጋል። የመጋዝ ጥርስ የሚመስለው ሞገድ የጭራውን ሻካራነት ያመጣዋል፤ ድምፁ ከኖታ ወደ ኖታ ሲሄድ ደግሞ መዝለል የለበትም፣ መንሸራተት አለበት። እዚህ ላይ ቺፑ ያበሳጫል፦ የመንሸራተቻውን ፍጥነት የሚወስነው ቁጥር በድግግሞሽ የሚለካ ስለሆነ፣ በላይኛው ድምፅ ላይ ለስለስ ያለ የነበረው ያው ቁጥር በታችኛው ድምፅ ላይ መደርመስ ይሆናል። ለእያንዳንዱ መንሸራተት የየራሱን ቁጥር በጆሮዬ ፈልጌ ነው ያገኘሁት፤ ሁለት ሳምንት የሄደው በዚህ ነው።

ሦስት ድምፅ ብቻ መሆኑን የአውሮፓ ሰዎች እንደ ድህነት ያዩታል፣ እዚህም ላይ ከእነሱ ጋር አልስማማም። ለእነሱ ሙዚቃ ማለት ኮርድ፣ ማለትም አብረው የሚሰሙ ኖታዎች ነው፤ አንድ ኮርድ ብቻውን ሦስት ድምፅ ይበላል፣ ለዜማውና ለባሱ የሚተርፍ አይኖርም። ስለዚህ ሦስቱን ኖታዎች በአንድ ድምፅ ላይ፣ በየሃምሳኛ ሰከንዱ እየቀያየሩ በፍጥነት በማሽከርከር ጆሮን ያታልላሉ፤ የቺፕ ሙዚቃ መለያ የሆነው ያ የሚርገበገብ፣ የሚንጣጣ ድምፅ የዚህ ብልሃት ውጤት ነው። እኔም መጀመሪያ ላይ ይህንኑ ኮርጄ ዶ፣ ሚ፣ ሶልን አሽከረከርኳቸው፤ ትዝታን ለመሥራት የተነሣሁት ሰው ከአምስት ደቂቃ በኋላ በእጄ ላይ ያገኘሁት የልጆች የጨዋታ ዜማ ነበር። ትዝታ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው፣ አምስቱም ኖታዎች በኮርዱ ዘንድ አሉ ወይም ጎረቤቶቹ ናቸው፣ ግን ኮርዱ ከሥር ሲቀመጥ ዜማው መንከራተቱን ትቶ የቤት ልጅ ይሆናል። ባለ አንድ ጅማት ማሲንቆ ሲሰማ ላደገ ጆሮ ሦስት ድምፅ ሠርግ ነው። አንዱን ለክራር፣ አንዱን ለማሲንቆ ሰጠሁ፤ ሦስተኛውን ባስና ከበሮ እንዲካፈሉት አደረግሁ፣ ምክንያቱም ከበሮው ሲመታ ባሱ ለአንድ አፍታ ዝም ቢል የሚያስተውል የለም። ማሽከርከሩን ሙሉ በሙሉ ተውኩት። አንድ ሰው በኋላ «ሥራህ ቺፕ ሙዚቃ አይመስልም» ብሎ ጻፈልኝ፤ እንደ ምስጋና ይሁን እንደ ወቀሳ እስካሁን አልለየሁትም።

የዜማው ርእስ «ቆርቆሮ» ነው። ሲድ ካሉት አራት የሞገድ ቅርጾች አንዱ ጫጫታ ሲሆን፣ ሌሎች ሰዎች ለከበሮ፣ ለፍንዳታና ለነፋስ ይጠቀሙበታል። እኔ ይህን ድምፅ መጀመሪያ ብቻውን የሰማሁት ዕለት፣ ከፍታውን ዝቅ ከፍ ሳደርግ፣ የልጅነት ቤታችንን የቆርቆሮ ጣሪያ ከነምስማሩ ሰማሁት። ክረምት ሲገባ፣ ዝናቡ መጀመሪያ በተናጠል ጠብ ጠብ ሲል፣ ከዚያ ድንገት ሰው ከሰው የማያነጋግር ጩኸት ሆኖ ሲወርድ፣ የካሴቱ ቴፕ ድምፅ ከዝናቡ በታች ሰምጦ ዘፋኙ አፉን ብቻ የሚያንቀሳቅስ ይመስል ነበር። ዜማው የተሠራው ከዚህ ነው። ዝናቡ የራሱ መስመር የለውም፤ ማሲንቆው ትንፋሽ ሲወስድ በእሱ ቦታ ይገባል፣ ማሲንቆው ሲመለስ ይወጣል። ነጠላ ጠብታዎቹን ለማውጣት ግን ቺፑ አንድ የታወቀ ጉድለት አለው፦ የድምፁን አነሣስና አወራረድ የሚቆጣጠረው ክፍል አንዳንድ ጊዜ ቆጠራው ያልፈውና አዲስ ኖታ ሲታዘዝ እስከ 33 ሚሊሰከንድ ድረስ ሊያዘገየው ይችላል። ለረጅም ድምፅ ይህ ምንም አይደለም፤ ለጠብታ ግን ሙሉ ዕድሜዋ ነው። የድሮዎቹ ሰዎች ያገኙት መድኃኒት ከአዲሱ ኖታ ሁለት ሃምሳኛ ሰከንድ በፊት ሁሉንም ወደ ዜሮ መልሶ ክፍሉን ማሳረፍ ነው። ዝናቤ ላይ ከእያንዳንዱ ጠብታ በፊት አንዲት ትንሽ ዝምታ አለች፣ ማንም አይሰማትም፤ ያለ እሷ ግን ጠብታዎቹ እንደ ሰካራም እርምጃ ይሆናሉ።

ምቱን በተመለከተ ብዙ የምለው የለም። ትራከሮች በልማድ የሚያቀርቡት 64 ረድፍ ያለው ገጽ ለአራት ምት የተመቸ ነው፤ ለችክችካ 48 ረድፍ አድርጌ በየስድስቱ ከፋፈልኩት፣ እያንዳንዱንም ረድፍ 6 እድሳት እንዲቆይ አዘዝኩት። አንዱ ዙር በ36 እድሳት ያልቃል ማለት ነው፣ ይኸውም ሰባ ሁለት መቶኛ ሰከንድ ነው። ይህችን 6 ቁጥር አንባቢ እንዲያስታውሳት እፈልጋለሁ።

አሁን ወደ አዳራሹ ልመለስ። እንዲህ ያሉ ስብስቦች በሰሜንና በመካከለኛው አውሮፓ የቆየ ልማድ ናቸው፤ ዴሞሲን የሚባለውን ይህን ባህል ፊንላንድ በ2020፣ ጀርመን ደግሞ በ2021 በአገራዊ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገባቸው አስፍረውታል። ሰዎቹ ሥራቸውን የሚያወጡት በውድድር ነው፤ ሁሉም በአንድ ማሽን ላይ ይሰማል፣ ታዳሚው ድምፅ ይሰጣል። የዚያ ቀን ማሽን 8580 ነበረው፣ የእኔ የዳቦ ሣጥን ግን 6581። በሲድ ውስጥ ሦስቱም ድምፆች የሚጋሩት አንድ ፊልተር፣ ማለትም ከድምፁ ከፊሉን አሳልፎ ከፊሉን የሚያስቀር ማጣሪያ ብቻ አለ፤ እሱም በቁጥር የሚታዘዝ ቢሆንም ሥራውን የሚሠራው በአናሎግ፣ በቁጥር ሳይሆን በኤሌክትሪኩ ራሱ ነው። በአሮጌው ቺፕ ላይ ይህ ፊልተር ከቺፕ ወደ ቺፕ ይለያያል፤ በአንድ ዓመት ከአንድ ፋብሪካ የወጡ ሁለት 6581ዎች እንኳ አንድ ዓይነት አይዘፍኑም። የቁጥሩ ማስተካከያ ወደ ዜሮ ሲጠጋም አይዘጋም፣ ዝቅተኛውን ድምፅ ያሳልፋል፣ እያሻከረና እያወፈረ። በ8580 ላይ ግን ያው ቁጥር የታዘዘውን ያደርጋል፦ በሩን ይደፍነዋል። እኔ ባሴን ወፍራም ያደረግሁት ቁጥሩን ከዜሮ ትንሽ ከፍ ብዬ በመተው ነበር። መሣሪያዬ ጉድለቱን እየለገሰኝ መሆኑን አላወቅሁም፤ ጉድለት የሌለበት መሣሪያ ቃሌን እንዳለ ሲተረጉመው ባሱ ጠፋ።

በዚያ ምሽት በባቡር ስመለስ ያብሰለሰልኩት ነገር እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። በዚህ ጥበብ ውስጥ ሥራን ማውጣት ማለት ምንድን ነው? ካሴት ያወጣ ድምፃዊ ድምፁን ራሱን ይሸጣል፤ ገዢው ቴፕ ጥሩም ይሁን መጥፎ፣ በዚያች ቀን በስቱዲዮ የተሰማው ነገር እዚያ ላይ ተቀርጿል። እኔ ለሰው የምሰጠው ፋይል ውስጥ ግን አንድም ድምፅ የለም። ያለው «በዚህ ጊዜ ይህን ቁጥር በዚያ አድራሻ ጻፍ» የሚል ትእዛዝ ነው። የ160 ሰከንዱ ዜማዬ ሁሉም ቁጥሮች በዝርዝር ቢጻፉ 200 ሺህ ይሆናሉ፤ ትራከሩ የሚደጋገመውን አጣጥፎ ከነማጫወቻ ፕሮግራሙ ወደ 4 ኪሎባይት ያወርደዋል። ያው ዜማ በሲዲ ጥራት ቢቀረጽ 28 ሜጋባይት ገደማ ነው። ልዩነቱ የመጠን ብቻ አይደለም። 28 ሜጋባይቱ የእኔን ክፍል፣ የእኔን ቺፕ፣ የእኔን ማክሰኞ ምሽት ይይዛል፤ 4 ኪሎባይቱ ግን ክራሩን ለሌላ ሰው ሰጥቶ ቅኝቱን እንደመንገር ነው፣ ጅማቱ የማን እንደሚሆን አላውቅም።

ለዚህ ችግር የተበጀለት መፍትሔ አለ፣ ግማሽ መፍትሔ ነው። የሲድ ፋይል በመግቢያው ላይ የት እንደሚጫን፣ ከየት እንደሚጀምር፣ በየእድሳቱ የትኛው የፕሮግራሙ ክፍል እንደሚጠራ ይናገራል፤ በኋላ የመጣው ዓይነት ደግሞ ለየትኛው ቺፕና ለየትኛው አገር የቴሌቪዥን ሥርዓት እንደተሠራ ምልክት ይይዛል። ጥሩ ማጫወቻ ፕሮግራም ምልክቱን አይቶ ራሱን ያስተካክላል። እውነተኛ ማሽን ያለው ሰው ግን ቺፑን ከማውጣት በቀር ምን ሊያደርግ ይችላል? ከምልክቶቹ በፊት ለርእስ፣ ለደራሲና ለወጣበት ዓመት ለእያንዳንዳቸው 32 ቦታ ተዘጋጅቷል፣ ቦታው ግን የላቲን ፊደል ብቻ ነው የሚቀበለው። «ቆርቆሮ» በኬ ይጻፍ ወይስ በኪው? በኬ ከጻፍኩት የሚያነበው ሰው ሁሉ «ቀ»ን የሚያለሰልስ ይሆናል፤ በኪው ከጻፍኩት ደግሞ እንግሊዝኛ የለመደ ዓይን ከኪው በኋላ «ዩ» ይፈልጋል። በኪው ጻፍኩት፣ 7 ቦታ ያዘ።

በፋይሉ መግቢያ የተነፈግሁትን በማሽኑ ገጽ ላይ ለማካካስ ሞከርኩ። ከዜማው ጋር ርእሱን የሚያሳይ ትንሽ ፕሮግራም ማያያዝ የተለመደ ነው፣ ኮሞዶርም 256 ፊደሎች ያሉትን ገበታ እንደፈለጉ እንዲስሉት ይፈቅዳል፤ እያንዳንዱ ፊደል 8 በ8 ነጥብ ነው። የእኛ 33 ፊደሎች በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ። ይህን ሳሰላ ለአንድ አፍታ ኮሞዶር ለእኛ የተሠራ መሰለኝ፤ ለክፍተት፣ ለነጥቦችና ለቁጥሮች 25 ቦታ ይተርፋል፣ እነ ሏና ቋ ግን በር ላይ ይቀራሉ። በስምንት ነጥብ ስፋት ውስጥ «ጨ»ን ከነሦስት እግሩ መሳል ምን እንደሚመስል የሞከረ ያውቀዋል። «ቆርቆሮ» የሚፈልገው «ቆ»ን፣ «ር»ንና «ሮ»ን ብቻ ስለነበረ እነዚህን ሦስቱን አሳምሬ ሣልኩና የቀሩትን 228 ለሌላ ትዕግሥተኛ ሰው ተውኩ።

ባሱን ግን አልለወጥኩም። ሸበቶው ሰው ቁጥሩን ከፍ አድርጌ በሁለቱም ቺፕ ላይ የሚያስኬድ መካከለኛ ባስ እንድሠራ መክሮኝ ነበር፣ ብዙዎችም እንዲህ ያደርጋሉ። ሞከርኩት፤ በሁለቱም ላይ ተሰማ፣ በሁለቱም ላይ ግን ሰው የማያስታውሰው ባስ ሆነ። ስለዚህ ምልክቱ ላይ 6581 ብዬ፣ የአውሮፓ ሥርዓት ብዬ፣ በአጠገቡም የራሴን ማሽን ቅጂ በድምፅ ፋይል አያይዤ አወጣሁት። ሁለቱን አብሮ ማውጣት እንደ ክህደት የሚቆጥሩ ሰዎች አሉ፤ ለእነሱ የድምፅ ቅጂ የዚህ ጥበብ ፎቶግራፍ እንጂ ጥበቡ አይደለም። እኔ ፎቶግራፍ ላይ ቂም የለኝም። ኮሞዶር ከከሰረበት ከ1994 ጀምሮ ሲድን የሚሠራ ፋብሪካ እንደሌለ፣ ያሉትም በየዓመቱ አንድ በአንድ እየሞቱ መሆናቸውን ሳስብ ደግሞ ቢያንስ አንድ ሰው የእኔ ሣጥን በሕይወት ሳለ እንዴት ይዘፍን እንደነበር እንዲሰማ እፈልጋለሁ። ሃይ ቮልቴጅ ሲድ ኮሌክሽን የሚባለው ስብስብ ከ50 ሺህ በላይ ዜማዎችን በትእዛዝ መልክ አስቀምጧል፤ እነዚያን ሁሉ የሚያነብ ጥሩ ኢሙሌተርም፣ ማለትም አሮጌውን ማሽን በአዲስ ኮምፒውተር ላይ የሚያስመስል ፕሮግራም፣ አለ። ስለዚህ ቅኝቱ አይጠፋም። ጅማቱ ግን ይጠፋል።

ከወጣ ከሦስት ሳምንት በኋላ ከአሜሪካ አንድ የማላውቀው ሰው በገዛ ማሽኑ አጫውቶ የቀረጸውን ላከልኝ። ቺፑ 6581 ስለሆነ ባሱ ነበረ፣ እንዲያውም ከእኔ የባሰ ወፍራም ነበር። ነገር ግን የአሜሪካው ኮሞዶር ምስሉን በሰከንድ 60 ጊዜ ነው የሚያድሰው፣ የልብ ምቱም ከአውሮፓው ትንሽ ይፈጥናል፤ ስለዚህ ዜማው በአምስተኛ ያህል ፈጥኖ፣ የግማሽ ድምፅ ሁለት ሦስተኛ ያህል ከፍ ብሎ ይጣደፋል። ክራሩ ተንጫጫ፣ ማሲንቆው የሚንሸራተትበት ጊዜ አጣ። ለሰውየው በትሕትና አመስግኜ፣ በውስጤ ግን «ይህ የእኔ አይደለም» ብዬ ወደ ጎን አደረግሁት።

እሑድ እናቴ ጋ ስደውል እንደ ቀልድ ሁለቱንም በእህቴ ቴሌግራም ላይ ላክሁላቸው፤ የትኛው የማን እንደሆነ አልነገርኳትም። እናቴ ይህ ሁሉ ዓመት በኮምፒውተር ምን እንደምሠራ ጠይቃኝ አታውቅም። ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ሁለቱንም እስከ መጨረሻው ሰማች፣ እህቴ እንደነገረችኝም ዓይኗን ጨፍና ነበር።

«ቆርቆሮው ነው አይደል?» አለችኝ። ርእሱን አልነገርኳትም ነበር።

«አዎ እማ። የትኛው ይሻላል?»

«የኋለኛው ነዋ። የፊተኛው ካፊያ ነው፤ ሐምሌ እንዲህ ነው እንዴ የሚዘንበው? ረሳኸው መሰል፣ ልጄ።»

የፊተኛው የእኔው ነበር። በዚያው ሌሊት የዳቦ ሣጥኑን ከፍቼ፣ እያንዳንዱ ረድፍ ስንት እድሳት እንደሚቆይ የሚወስነውን 6 አጥፍቼ 5 ጻፍኩበት። 5 በሃምሳ ሲካፈልና 6 በስልሳ ሲካፈል የሚሰጡት አንድ ዓይነት አንድ አሥረኛ ሰከንድ ነው።